አፕዴቱን አታጥፉት፣ ሰዓቱን ምረጡለት

ኮምፒውተር ገዝተን ቤት ስናስገባ ከሻጩ ወይም «አይቲ ከሚችል» ጓደኛ የምንሰማው የመጀመሪያ ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አፕዴቱን አጥፋው፣ ዳታህን ይጨርሰዋል።» አዲስ አበባ ሰምቼዋለሁ፣ ቦንጋ ሰምቼዋለሁ፣ አሁን ካለሁበት ከቢታ ገነትም አልጠፋም። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ዳታ መጨረሱ አያከራክርም። ማጥፋቱ ግን መፍትሔ አይደለም። ዛሬ ከተለመደው የፖለቲካ ጉዳያችን ወጣ ብዬ ስለዚህ ልጻፍ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ከፖለቲካውም ብዙ እንዳልራቅሁ ታያላችሁ።

በመጀመሪያ አፕዴት የሚጠሉትን ሰዎች ልከላከልላቸው። እዚህ አብዛኛው ሰው ላፕቶፑን ኢንተርኔት የሚያገናኘው ከስልኩ ሆትስፖት ነው። ዳታው በፓኬጅ የተገዛ ነው። የዊንዶውስ ወርሃዊ አፕዴት ከመቶዎች ሜጋባይት ይጀምራል፣ ትልልቆቹ ብዙ ጊጋባይት ይደርሳሉ። የሳምንት ፓኬጅ ገዝቶ ኢሜይል ሊልክ የተቀመጠ መምህር ዳታው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲያልቅበት ቢናደድ አይፈረድበትም። መብራቱም አለ። ባትሪው የደከመ ያገለገለ ላፕቶፕ አፕዴት እየጫነ ሳለ መብራት ቢሄድ ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ፎርማት ሊያስፈልገው ይችላል። ክረምት ከበጋ ዝናብ በማይጠፋበት በካፋ ምድር ይህ ስጋት የቅንጦት አይደለም።

ሆኖም ሌላውን ወገን እንመልከት። በየትንንሽ ከተማው ያሉትን የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች አስቡ። በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የከተማው ሰው ሁሉ ጉዳይ ያልፋል፤ የቡና ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ሊታተም የመጣ የፋይዳ መታወቂያ። ሁሉም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ይሰካል፣ ይነቅላል፣ ቤቱ ወስዶ ደግሞ ይሰካል። ያች ኮምፒውተር አፕዴቷ ከተዘጋ ዓመታት ከሆናት የባለቤቷ ብቻ ችግር አይደለችም። እንደ አንድ የመንደር ምንጭ ናት፣ ከተበከለች የሚታመመው የቀዳው ሁሉ ነው።

አፕዴት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አዲስ ቀለምና አዲስ ቁልፍ ነው። ዋናው ሥራው ግን የተገኘን ቀዳዳ መድፈን ነው። ለዚህ ከዋናክራይ የተሻለ ምሳሌ የለም። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም ነበር። ጥቃቱ የተነሣው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም ነው። በመካከሉ ሁለት ወር ገደማ አለ። በዚያ ሁለት ወር አፕዴቱን የጫነ በሰላም አደረ፤ ያልጫነ ፋይሉ ተቆልፎበት ገንዘብ ተጠየቀ። ጥቃቱ ከ150 በላይ አገሮችን አዳርሷል፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገድደዋል።

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ለሚል የእኛንም ልጨምር። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ በውጭ አገር የሚኖሩ የመንግሥት ተቃዋሚ ኢትዮጵያውያን ኮምፒውተር እንዴት ሲሰለል እንደነበር አሳይቷል። ከዒላማዎቹ አንዱ በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ ነበር። መንገዱን ልብ በሉ። ኢሜይል ይመጣል፤ ኢሜይሉ ውስጥ የቪዲዮ ሊንክ አለ፤ ሊንኩ ሲከፈት «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አፕዴት ያድርጉ» የሚል ገጽ ይወጣል። የሚወርደው ፋይል ውስጥ እውነተኛው ፍላሽ ፕሌየርም አለ፣ ከሥሩ ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ፕሮግራም ተለጥፏል። ዘገባው ድርጊቱን ከወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል። ሰላዩ የገባው በአፕዴት ስም ነበር ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚጋጩ ይመስላሉ። አንዱ አፕዴት ባለማድረግ፣ ሌላው አፕዴት በማድረግ የመጣ ጉዳት ነው። ትምህርታቸው ግን አንድ ነው፤ እውነተኛ አፕዴት የሚወሰደው ራሳችሁ ከፍታችሁ ከገባችሁበት ሴቲንግ ወይም ከፕሮግራሙ ከራሱ ነው። ድረ ገጽ፣ ኢሜይል ወይም የቴሌግራም መልእክት «አፕዴት አድርግ» ካላችሁ ዝጉት። ፍላሽ ፕሌየርማ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም ድጋፉ ተቋርጧል፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚመጣ ሁሉ ውሸት ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንምጣ። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛና መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው የሚሆነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሆትስፖታችሁን «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት። ከስልካችሁ ጋር ስትገናኙ በሴቲንግ ውስጥ የኔትወርኩን ስም ትጫኑና ይህን ታበራላችሁ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቃችሁ አያወርድም። አፕዴቱ አልጠፋም፣ ነፃ ወይም ርካሽ ዋይፋይ እስክታገኙ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ የወር ቀጠሮ ያዙለት። ማይክሮሶፍት ወርሃዊውን የደህንነት አፕዴት የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። አፕዴቱ ድምር ነው፤ የዚህ ወሩ ያለፉትን ወራት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሦስት ወር ያመለጠው ሰው ሦስት ጊዜ ማውረድ የለበትም። ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጅማ ለጉዳይ ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አድራችሁ፣ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ መጫን ይቻላል። እስከዚያ «ፖዝ አፕዴትስ» የሚለው ቁልፍ እስከ አምስት ሳምንት ያቆይላችኋል። ይህ ከማጥፋት በጣም ይለያል፤ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይነቃል።

ሦስተኛ፣ «አክቲቭ አወርስ» የሚለውን በሥራ ሰዓታችሁ ልክ አስተካክሉት። ጽሑፍ እየጻፋችሁ ሳለ ኮምፒውተሩ ድንገት ተነሥቶ ሪስታርት እንዳያደርግ የሚከለክለው ይህ ነው።

አራተኛ፣ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ካለ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ ገብታችሁ በአካባቢው ኔትወርክ ካሉ ኮምፒውተሮች ጋር ብቻ እንዲካፈል ምረጡ። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ይቀበላሉ። በኢንተርኔት ካሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ጋር የሚለውን ግን አትምረጡ፤ የእናንተን ዳታ ከፍሎ ለማታውቁት ሰው ይልካል።

አምስተኛ፣ ሰዓቱን እዩት። ባገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። በዚህ ጊዜ አፕዴት እምቢ ይላል፣ ድረ ገጾችም «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እያሉ አይከፈቱም። ብዙ ሰው ቫይረስ መስሎት ፎርማት ያስደርጋል። ቀኑን ማስተካከልና ባትሪዋን መቀየር ይበቃል። በሰዓት ዞን ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ ብታጡ አትደነቁ፤ የእኛ ሰዓት «ናይሮቢ» በሚለው ሥር ነው።

ስድስተኛ፣ የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ አድርጉ። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ያኔ በፍላሽ የመጣ «ፎቶ» መጨረሻው ላይ «ኢኤክስኢ» ካለው ፎቶ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2006 ዓ.ም ይፋ ባደረገው ሌላ ጉዳይ የኢሳት ባልደረቦችን ለመሰለል የተሞከረው ጽሑፍ መስሎ በስካይፕ በተላከ ፋይል ነበር። ለጋዜጠኛ ይህቺ ትንሽ ምልክት ከብዙ አንቲቫይረስ ትበልጣለች።

አሁን ብዙዎቻችንን ወደሚነካው ጉዳይ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፣ አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ ግን አይደፈንለትም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴሎቹ በአመዛኙ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። በየቤቱ ያሉት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ለእነዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የከፈተው የተጨማሪ ደህንነት አፕዴት ምዝገባ ነው፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ይቆያል፣ መስፈርቱን ላሟላ ኮምፒውተር በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ የመመዝገቢያ ሊንኩ ይታያል። ሌላው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሲስተም መጫን ነው። ኢንተርኔት ለሚያይ፣ ጽሑፍ ለሚጽፍና ለሚያትም ሰው ይበቃል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል። ከፓወር ግዕዝ ጋር የኖረ ሰው ግን ከመቀየሩ በፊት አንድ ሳምንት ይሞክረው፤ የለመደውን አጻጻፍ መቀየር ቀላል አይደለም።

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ላይ ያሉትንም አልረሳሁም። ገንዘቡ ስለሌለ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ፕሮግራም፣ ዘበኛውን አሰናብቶ ሊገባ የሚፈልግ እንግዳ ነው። ነፃው ሊኑክስ እያለ ለዚያ እንግዳ በር መክፈት ምን ይሉታል?

ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ በየመድረኩ ብዙ ይባላል። መታወቂያችን፣ የባንክ ሒሳባችን፣ የልጆቻችን ውጤት ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጽሑፍ ቤቱ ያሉትን ኮምፒውተሮች በወር አንድ ጊዜ አፕዴት ማድረግ የማን ሥራ እንደሆነ ሲነገር ግን አልሰማሁም። ይህ ጥያቄ ለሚመለከተው ሁሉ ይቅረብልኝ። የቤታችን ግን በእጃችን ነው። ዛሬ ማታ መብራት ካለ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ፣ ሴቲንግ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ገጽ እዩ። ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበት ቀን እዚያው ተጽፏል። ካለፈው ዓመት በፊት ከሆነ ነገ ለጎረቤታችሁ ፍላሽ ከማዋሳችሁ በፊት አስቡበት።