ድሮግባ፣ ወንድሜና እኔ

እኔ የቼልሲ፣ ታናሽ ወንድሜ የአርሰናል ደጋፊ ነን። በልጅነታችን ከሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ተጣልተን ስንወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ ዲድየ ድሮግባ። በ2007 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የካርሊንግ ካፕ ፍጻሜ ሁለቱንም ጎል አግብቶ አርሰናልን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ወንድሜ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እናታችን፣ “የማታውቁት የሰው ልጅ ያጣላችኋል?” ትለን ነበር።

ለማስተርስ ስዊድን ስመጣ የዶርም ጎረቤቴ የአቢጃን ልጅ ሆነ። ድሮግባን ሳነሳበት ስለ ጎሎቹ ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ስልኩን አውጥቶ የ2005 ቪዲዮ አሳየኝ። አይቮሪኮስት ኦምዱርማን ላይ ሱዳንን 3 ለ 1 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ያለፈችበት ቀን ነው። አገሪቱ ከ2002 ጀምሮ በጦርነት ሰሜንና ደቡብ ተከፍላለች። ድሮግባ መልበሻ ክፍል ውስጥ ማይክ ይዟል፤ ጓደኞቹ ከበውታል። ከዚያ ሁሉም ተንበርክከው፣ ይቅር ተባባሉ፣ መሣሪያችሁን አስቀምጡ ብለው ሕዝባቸውን ለመኑ። በ2007 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ ከማዳጋስካር ጋር የነበረውን ጨዋታ የአማፂያኑ ማዕከል በነበረችው ቡዋኬ አደረገ፤ 5 ለ 0 አሸነፈ።

“ድሮግባ ጦርነት አስቆመ” ሲባል ጎረቤቴ አይወድም። ስምምነቱን የፈረሙት ፖለቲከኞች ናቸው፤ ከ2010 ምርጫ በኋላም እንደገና ብዙ ደም ፈሷል።

“ታዲያ ለምን እንዲህ ትወዱታላችሁ?” አልኩት።

“አክስቴ ቡዋኬ ነበረች። ከእናቴ ጋር ተኮራርፈው ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ጨዋታ ቀን እናቴ ደወለችላት። ‘ጎሉን አየሽው?’ ለማለት ብቻ።”

ይህን ሲነግረኝ ስቄ ነበር።

እኔና ወንድሜ በአገራችን ጦርነት ጊዜ በቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተጣላን። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ኮድ ላይ ስሳሳት በአንድ ትእዛዝ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ። ለወንድሜ የጻፍኩትንም ወዲያው አጥፍቼው ነበር። እሱ ግን አንብቦታል። ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም፤ በበዓል እናታችን ስልኩን ከአንዳችን ወደ ሌላችን ለማሻገር ስትሞክር ሁለታችንም ሥራ ይዞናል እንል ነበር።

ባለፈው ወር ያንን የመልበሻ ክፍል ቪዲዮ ፈልጌ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን፣ “የካርሊንግ ካፑ የድሮግባ የመጀመሪያ ጎል ኦፍሳይድ ነበር” ብሎ ጻፈልኝ።

ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ወጥቼ ደወልኩለት። ስለ ኦፍሳይዱ አርባ ደቂቃ ተከራከርን። ስለ ሌላው ገና አላወራንም።