«ነበር» ለሁለት ሲከፈል

እስፓኒሽ የሚማር ጓደኛ ካላችሁ «ኃላፊ ጊዜ ላይ ደረስክ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፊቱ ከጠቆረ ደርሷል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ቋንቋ ያለ ረዳት ግሥ፣ በአንድ ቃል ብቻ ያለፈን ነገር የሚያወራባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ድርጊቱን ከነመጨረሻው ጠቅልሎ ያስረክባችኋል፦ «ኮሚዮ»፣ በላ። አለቀ፣ ሳህኑ ተነሳ። ሁለተኛው መሃሉ ላይ አስገብቶ ይተዋችኋል፦ «ኮሚያ»፣ ይበላ ነበር። መቼ ጀመረ? ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም? ትንፍሽ አይልም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ጋ ፀጉራቸውን ይነጫሉ፤ በነሱ ቋንቋ ተራዋ ኃላፊ ግሥ ለሁለቱም ትላላካለችና። እኛ ግን ዕድለኞች ነን። «ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ታክሲ ጠፋ፣ በእግሬ ሄድኩ» ለማለት ማንም አላስተማረንም። ዝናቡ መድረኩ ነው፤ የታክሲው መጥፋትና የእግር ጉዞው መድረኩ ላይ የተሠራው ድራማ። ቬኔዙዌላ ተወልዶ ቺሌ የኖረው ሊቅ አንድሬስ ቤዮ፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመው ሰዋስው ያንን የመድረኩን ግሥ «ኮፕሬቴሪቶ» ብሎታል፤ ከሌላ ያለፈ ነገር ጎን አብሮ የነበረ እንደማለት። ሜክሲኮ ውስጥ ተማሪዎች ዛሬም በዚሁ ስም ይማሩታል።

ሌላም አለ። «ሳቢያ» ካላችሁ «አውቅ ነበር» ነው። «ሱፔ» ካላችሁ ግን «አወቅሁ»፣ ማለትም የዚያን ጊዜ ሰማሁ፣ ደረስኩበት። «ኖ ኬሪያ» «አልፈልግም ነበር» ሲሆን፣ «ኖ ኪሴ» ብዙ ጊዜ «እምቢ አልኩ» ይሆናል። ባለመፈለግና እምቢ በማለት መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ ዘመድ ቤት ምሳ ተጋብዞ «ብላ እንጂ!» የተባለ ሁሉ ያውቀዋል። ትሕትናም አለበት። ካፌ ገብታችሁ «ኬሪያ ኡን ካፌ» ብትሉ በቃል «ቡና እፈልግ ነበር» ነው። ሳቅ እንዳይመጣችሁ፤ እኛስ ትልቅ ሰው ፊት «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» እንል የለ? የስፔን ሕፃናትም ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ በዚሁ ግሥ ነው፦ «እኔ ሐኪም ነበርኩ፣ አንተ በሽተኛ ነበርክ» ይባባላሉ።

እስከዚህ ሜዳው የእኛ ነው። ጣጣው የሚመጣው «ነበር» ብቻዋን ስትቆም ነው።

እስፓኒሽ ያስተማሩኝ ሰው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ከኦጋዴን ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1977-78) በኋላ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት በርካታ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ብዙዎቹ አባታቸውን ያጡት በዚያው ጦርነት ነው። ያደጉት «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ»፣ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ፣ ግማሽ ቀን እየተማሩ፣ ግማሹን ብርቱካንና ግሬፕፍሩት እርሻ ላይ እየሠሩ ነበር።

ጋሼ አንድ ቀን «ስለ ቤተሰብሽ አንድ ገጽ ጽፈሽ ነይ» አሉኝ። አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በሐሳቤ በአማርኛ መጣ፦ «አባቴ ሹፌር ነበር»። አማርኛ እዚህ ላይ ነጥብ አድርጎ ያርፋል። እስፓኒሽ ግን በር ላይ ያስቆማችኋል፦ «ኤራ» ወይስ «ፉዌ»? ለሁለቱም የኛ ትርጉም ያው «ነበር» ነው። ሁለቱንም በእርሳስ ጽፌ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ሁለቱም ልክ ናቸው» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «‹ፉዌ› ካልሽ ከዳር ቆመሽ ሕይወቱን ሙሉውን እያየሽ ነው፤ ተጠናቋል። ‹ኤራ› ካልሽ ውስጡ ገብተሽ አጠገቡ ተቀምጠሻል። አንቺ የት ነሽ?»

እንግዲህ ይኼ የሰዋስው ጥያቄ ነው ወይስ የለቅሶ ቤት? ሁለት ዓመት ሙሉ «እግዜር ያጥናሽ» ያለኝ ሁሉ ያልጠየቀኝን፣ አንድ የግሥ ሰንጠረዥ ጠየቀኝ።

መልሱን ከራሳቸው ከጋሼ አፍ ነው ያገኘሁት። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ደሴቱ ላይ ሳሉ ነው። ስለ እናታቸው በእስፓኒሽ ሲያወሩ ሁልጊዜ «ሜ ኤስፔራባ» ይላሉ፤ ትጠብቀኝ ነበር። «ሜ ኤስፔሮ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እሱም ልክ ነው፣ ሰዋስዉ ይፈቅዳል። ግን መጠበቁን ዘግቶ ይቆልፈዋል።

እኔም «ኤራ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ይወለውል ነበር። መሪ ይዞ ያፏጭ ነበር። ይወደኝ ነበር፣ «ሜ ኬሪያ»። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን የመጨረሻው ግሥ ምርጫ አልሰጠኝም። «ሞሪያ» ካልኩ «እየሞተ ነበር፣ ሊሞት ነበር» ይሆናል፤ ገና አለ ማለት ነው። «ሙሪዮ» ብዬ ጻፍኩ። ሞተ። ገጹን ስቆጥረው አሥራ አንድ ያልተዘጉ ግሦችና አንድ የተዘጋ ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ? ሐዘኔ በትክክል ያንን ይመስል ነበር።

እና እስፓኒሽ የምትማሩ ጓዶች፣ ሰንጠረዡን ሸምድዱ፣ ግድ ነው። መጻሕፍቱ «ትናንት» ካለ ይኼኛው፣ «ሁልጊዜ» ካለ ያኛው እያሉ የሚሰጧችሁ ዝርዝር ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርሳችሁ፤ «ትናንት»ም «ሁልጊዜ»ም ከሁለቱም ጋር ይሄዳሉ። የቀረውን ግማሽ ለመጨረስ «ይህንን ነገር የት ቆሜ ነው የማወራው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አንዳንዴ ቀላል ነው፤ ዝናብና ታክሲ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ደብተር ዘግታችሁ በእግር ዞር ዞር ማለት ያስፈልጋችኋል።

ቸር ይግጠመን።