ልጅዎ «ላስተምር ልሂድ» ብትልዎ

ውድ አንባቢ፣ ምኒልክ አደባባይን ያውቁታል። ቤትዎ ከከተማው ዳር ቢሆን እንኳ አንድ ጊዜ ለማዘጋጃ ቤት ጉዳይ፣ አንድ ጊዜ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ቀለበት ለማሠራት፣ አንድ ጊዜም ለጊዮርጊስ ስለትዎን ለማግባት ሳይመጡበት አልቀሩም። ዛሬ ወደዚያው ቦታ አብረን እንሂድ። የምንሄደው ግን ሐውልት ለማየት ብቻ አይደለም፤ ማንኛዋንም እናት አንድ ቀን ሊገጥማት የሚችል ጥያቄ ይዘን ነው።

ጥያቄው ወደ እኔ ቤት የመጣው አንድ ምሽት ቡና ስናፈላ ነው። የ23 ዓመት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ከርማለች። እኔም ባንክ ወይም አንድ ደህና መሥሪያ ቤት ገብታ ደመወዟን ስትይዝ በሐሳቤ እያየሁ እጽናና ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ «እማዬ፣ ለሁለት ዓመት አስተማሪ ሆኜ እንድሄድ ተቀብለውኛል» አለችኝ። ትምህርት ቤቱ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ ነው። ተማሪዎቹ የድሃ ገበሬና የቀን ሠራተኛ ልጆች ናቸው። እኔም ሳላስብ፣ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ?» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ንግግሬ ለራሴም ገረመኝ።

እናቴ ከጥግ ተቀምጣ ሁሉን ትሰማ ነበር። 81 ዓመቷ ነው። በነገሩ ጣልቃ አልገባችም። ብቻ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «በ23 ጊዮርጊስ ውሰዱኝ» አለች።

እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ የፒያሳ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሡ እኛም ከብዙ ጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄድን። ቤቱ ቀረ እንጂ ጊዮርጊስ አልቀረም፤ ወር በገባ በ23ኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ትጀምራለች። በዚያ ወርም ሦስታችን፣ አያት፣ እናትና ልጅ፣ አብረን ወጣን።

እንግዲህ ከአደባባዩ ደርሰናል። በመካከሉ አፄ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ናቸው። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ነው። ጣልያን አገራችንን ሲወር አንሥቶት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ከሐውልቱ አጠገብ የዓድዋን ድል ለማስታወስ የተሠራው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወዲያ ደግሞ ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ይታያል። የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ለቦታው አዲስ መልክ ሰጥቶታል። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሥራ ሲጀምር ከቃሊቲ የሚመጣው መስመር መጨረሻው እዚሁ ነበር። ከጣልያን ወረራ በፊትም ትልቁ የአዲስ አበባ ገበያ የሚቆመው እዚሁ አራዳ ነበር፤ ኋላ ነው ጣልያኖች ወደ ምዕራብ ወስደውት ለዛሬው መርካቶ መነሻ የሆነው። አራዳ ከጥንት ጀምሮ ሰው ከየአገሩ የሚመጣበትና ወደየአገሩ የሚሄድበት ስፍራ ነው ማለት ነው።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ በዚህ አደባባይ ስትሄድ አንድ ልማድ አላት። ታፔላ ታነባለች። የፋርማሲውን፣ የወርቅ ቤቱን፣ የባንኩን፣ «መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚለውን ሳይቀር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ፊደል በፊደል ታነባለች። ልጄ ሕፃን ሳለች በዚህ ትስቅባት ነበር። የዚህን ልማድ ምክንያት የማውቀው እኔ ነኝ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያው ዙር ያተኮረው በከተሞች ላይ ነበር፤ ትምህርቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተጀምሮ በኋላ ወደ 15 ቋንቋዎች ደርሷል። እናቴ ያኔ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አራት ልጆች ታሳድጋለች፤ መፈረም ሲመጣ የምታቀርበው አውራ ጣቷን ነው። ከምጣዱ ተነሥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ በዚያ የክረምት ጭቃ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ትሄዳለች። እኔም ደብተሯን ይዤ እከተላለሁ። አስተማሪዋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ቀጭን ልጅ ነበረች። ሴቶቹ ግን ገሚሱ በቀልድ፣ ገሚሱ ከልብ፣ «የኔታ» ይሏት ነበር። የልጅ ልጅ ያዩ አሮጊቶች ስትገባ ይነሡላታል፤ እርሷም እያፈረች «ኧረ በእናታችሁ ተቀመጡ» ትላለች።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈትና የመጀመሪያው ካርድ ሲሰጥ ጉድ ፈላ። ከዚያ በፊት «ሁለተኛ ወጣሁ» እያልኩ እናቴን አሞኛት ነበር። በዚያ ቀን ካርዱን ከእጄ ተቀብላ፣ ጣቷን እያሳለፈች፣ «ደረጃ... ሃያ አንድ» ብላ ራሷ አነበበች። የተገረፍኩትን ግርፊያ አልረሳውም። እናት ማንበብ ስትችል በቤት ውስጥ ምን እንደሚለወጥ የተማርኩት ከዚያ ካርድ ነው።

ስለ ልጄ ያሰብኩት ይህን እያስታወስኩ ነበር። ከአደባባዩ ዳር ቁጭ ብለን እናቴ ስታርፍ፣ ልጄ ስለምትገባበት አገልግሎት ነገረችን። ዐሳቡ ይህ ነው፤ አዲስ ተመራቂዎች ወደ መረጡት ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ዓመት ያህል አቅም ባነሣቸው ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990 ዌንዲ ኮፕ በተባለች ወጣት አማካይነት በአሜሪካ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፍ መረብ ሆኖ ዛሬ ከ60 በሚበልጡ አገሮች አባላት አሉት። በእኛም አገር ቲች ፎር ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ለእኛ ግን ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በዚህ አደባባይ በቆሙት ንጉሥ ስም የተሰየመው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችን ልጆች ተራ ደረሰ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከዚያ ዘመቻ ሳይመለሱ የቀሩም ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው በር በሩን እያዩ ቀርተዋል። እናት ስትፈራ በከንቱ አይደለምና ይህን መደበቅ አይገባም።

ደግሞም ችግሩ እውነት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳመለከተው በኢትዮጵያ የ10 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ከነዚያ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ልጅዋን በየማለዳው የምትልክ እናት እንዳለች ያስቡ። እርሷም እንደ እርስዎ ደብተር ገዝታለች፤ እንደ እርስዎ «በርታ ልጄ» ብላለች።

ይህም ሲባል ለልጅ ምርቃት ከመስጠት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ልጄን የጠየቅኋትን ለእርስዎም ይጠቅም ይሆናልና ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ ስለ ሥልጠናው ይጠይቁ። ዲግሪ ያለው ሁሉ ማስተማር አይችልም። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ፊት የሚቆም ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠለጥን፣ ክፍል ከገባም በኋላ መጥቶ የሚያይና የሚያርም ሰው መኖሩን ይወቁ። ሁለተኛ ስለ ኑሮው ይጠይቁ። የት ታድራለች? ከማን ጋር? ውሃውና ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል? ስልክ ይሠራል? የሚሰጣት ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለምግብ ይበቃል? መንገዱ ሰላም ነው? ይህን መጠየቅ ልጅን ማስፈራራት አይደለም። ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ስትከራይ የሚገጥማትን ከእናት የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ለልጅቱ ሳይሆን ለተማሪዎቹ የሚጠየቅ ነው። ሁለት ዓመት አልቆ ስትሄድ ለእነርሱ ምን ይቀራል? በውጭ አገርም ይህን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች ዋና ክርክራቸው ይኸው ነው፤ ልጆቹ አስተማሪያቸውን በለመዱ ማግሥት ያጡታል ይላሉ። እውነት አላቸው። እኔም ልጄን ያልኳት ይህንኑ ነው፦ «እዚያ ሃያ ዓመት በትንሽ ደመወዝ ያስተማሩ ሰዎች ይጠብቁሻል። እነርሱን ላስተምር ብለሽ አትሂጂ፤ ከእነርሱ ተማሪ። የጀመርሽውን ብቻሽን አትያዢው፤ የንባብ ክበብ ብታቋቁሚ ከአንድ ነባር መምህር ጋር አቋቁሚው፤ አንቺ ስትሄጂ እንዳይፈርስ።» ከወላጆችም ጋር እንድትተዋወቅ መከርኳት። በብዙ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እናቶች ከኋላ ተቀምጠው ሳይናገሩ ይመለሳሉ። አንዲት አስተማሪ ስማቸውን ይዛ ብታናግራቸው የልጆቻቸው ነገር ይለወጣል።

ደግሞ ብቻዋን የማትችለው ነገር እንዳለ ትወቅ። የራበው ልጅ ፊደል አይገባውም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ እናቶች እፎይ ያሉት ለዚህ ነው። ይህ ባልደረሰበት ቦታ ግን አስተማሪ ብቻዋን እናትም፣ ወጥ ቤትም፣ ሐኪምም ልትሆን አትችልም። ይህን ሳታውቅ የሄደች ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ልቧ ተሰብሮ ትመለሳለች።

ልጄ ለአንዳንዱ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነበራት። ለአንዳንዱ «እጠይቃለሁ» አለች፤ ይህንንም ወደድኩላት። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። «እንዲያው ሁለት ዓመት ሙሉ...» ብዬ ስጀምር እስካሁን ዝም ብላ ታፔላ ስታነብ የነበረችው እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ያቺስ ልጅ እናት አልነበራትም?» አለችኝ።

ማንን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ እኔ የረሳሁትን ለልጄ ነገረቻት። በሚቀጥለው ዙር ያቺ ቀጭን አስተማሪ ወደ ገጠር ልትዘምት ስሟ ወጣ። የአዳራሹ ሴቶች ሰምተው ገንዘብ አዋጡ፤ በሶ ፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ቆሉ። ተሰብስበው ወደ ቤቷ ሲሄዱ እናቷ ከደጃፉ ተቀምጣ እያለቀሰች ስንቅ ትቋጥራለች። «እኛን ስታይ እንባዋን ጠረገች» አለች እናቴ። «‹ልጄ ማስተማር ትችላለች እንዴ?› ብላ ጠየቀችን። እኔም ስሜን በጣቴ መሬት ላይ ጽፌ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። ልጅቱም በመስከረም ጠቁራና ከስታ ተመለሰች።»

ያ የቀበሌ አዳራሽ ዛሬ የለም። ያቺ ልጅ የት እንዳለች አናውቅም፤ በሕይወት ካለች ዛሬ አያት ሆናለች። የሰጠችው ግን እነሆ፣ በ81 ዓመት አሮጊት አፍ በምኒልክ አደባባይ ሲነበብ ይሰማል። እኔም እስከ ዛሬ አስተማሪዋን እንጂ የላከቻትን እናት አስቤያት አላውቅም ነበር። ሌላው ቀርቶ እናቴ ካርዴን ያነበበችው ያቺ ሴት ልጇን ስለላከችልን ነው።

ውድ አንባቢ፣ የእርስዎ ልጅ እንዲህ ብትልዎ ወዲያው «እሺ» ይበሉ አልልዎትም። ይጠይቁ፤ ቦታውን ያጣሩ፤ ከተቻለም ሄደው ይዩ። መልሱ ካላረካዎ «አይሆንም» ማለትም የእናት መብት ነው። ነገር ግን «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ብለው አይጀምሩ። እኔ ብዬው አፍሬበታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ገብስ አስገዛችኝ። ዛሬ ቤታችን የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ ልጄም ከአያቷ ጋር እየለቀመች ነው።