አውሮፕላኑ በዘገየ ጊዜ

ውድ አንባቢ፣ ሻንጣዎን አስረው፣ ቲኬትዎን በእጅዎ ይዘው፣ የማይመጣ አውሮፕላን ለሰዓታት ጠብቀው ያውቃሉ? ብቻዎን ከሆኑ የሚታገሉት ከራስዎ ድካም ጋር ብቻ ነው። በቡድን ሲሆኑ ግን የሁሉም ረሃብና ብስጭት በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ባልና ሚስት ሆነን ለሦስት ቀን የባለትዳሮች ጉባኤ አርባ ምንጭ ወርደን ነበር። ከተማዋ ላይኛው ሴቻ፣ ታችኛው ሲቀላ ተብላ በሁለት ትከፈላለች። ከሴቻ አፋፍ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ፣ በስፋቱ ከጣና የሚከተለው አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ደግሞ ጠራ ብሎ ይታይዎታል። አባያን ያቀላው ወንዞች የሚያስገቡበት ደለል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ከፍ ያለ መሬት ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። ያላዩት ካሉ አንድ ቀን ይዩት።

ችግራችን የጀመረው በመመለሻችን ነው። በረራችን እሑድ ከቀኑ 8፡30 ላይ ነበር። በዚያ አካባቢ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት እንደሚጥል፣ የአዲስ አበባን ክረምት የለመድነው እኛ አላሰብንበትም። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ደመና ሰማዩን ሸፈነው። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ከደመናው በላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን። ሁላችንም ተነሥተን ሻንጣችንን ጨበጥን። ድምፁ ዞረ፣ ደግሞም ዞረ፣ ከዚያም እየራቀ ሄደ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል ተባልን።

አንዳንዶቻችን አብራሪውን ወቀስን። አብራሪ ግን ከተወሰነ ከፍታ በታች ማኮብኮቢያውን ሳያይ መውረድ አይፈቀድለትም፤ ካላየው ሽቅብ ይነሣል። ሌላ ቦታ ሄዶ ለማረፍ የሚበቃ ነዳጅ የሚይዘውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ መመለሱ ስንፍና ሳይሆን የተሳፋሪዎቹን ሕይወት መጠበቅ ነበር።

እኔ የጉዞው አስተባባሪ ስለነበርኩ እግሬ አላረፈም። አንዴ ሠራተኞቹን እጠይቃለሁ፣ አንዴ እደውላለሁ፣ አንዴ ለእናቶች ውኃ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። እናቷ ታመው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት የምትወስዳቸው እርሷ ነበረች። ከመነሣታችን በፊት «እኔ ልቅር» ብትለኝ፣ «አስተባባሪው ያለ ሚስቱ ወደ ባለትዳሮች ጉባኤ ሲመጣ ሰው ምን ይላል?» ብዬ ነው ያመጣኋት። አሁን ቀና ብላ እንኳ አታየኝም።

ከቡድናችን በዕድሜ የሚበልጡት እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሁላችንንም ‹ምን ጎደላችሁ?› ብለህ ጠየቅኸን። እርሷንስ ጠይቀሃታል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ደመናው፣ ስለ አውሮፕላኑ ምክንያት ልደረድር ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። ብዙ ቆይታ፣ «እናቴ ስትደውል ምን ልበላት?» አለች። ቀጥላም፣ «አንተ ለሁሉ ጊዜ አለህ። የእኔ ጉዳይ ግን ሁልጊዜ ከስብሰባ በኋላ ነው» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መደማመጥ ተምረን ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሬም ሞልቷል። ይህ ንግግሯ ግን ከጻፍኩት ሁሉ ከበደኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። አብረን ለታናሽ እኅቷ ደውለን ሰኞ እርሷ እናታቸውን እንድትወስዳቸው ተስማማን። ለእናቷም ልጃቸውን ያስቀረኋት እኔ እንደሆንኩ ራሴ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ወዲያው ሳቀች ብዬ አልዋሽዎትም። ለቤተሰብ ስጦታ ብለን ከገዛነው የሙዝ ካርቶን ግን አንድ አውጥታ ለሁለት ከፍላ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ካርቶን ተከፈተ። አንዱ እንቆቅልሽ ጀመረ። ሌላው በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ በመላጥያ ደሴት ሦስት ወር መቆየቱን አስታወሰን። ከሦስት ወር ጋር ሲነጻጸር የእኛ ጥቂት ሰዓታት አሳፈሩን። አብረን ጸለይን፤ ሲመሽም ወደ ከተማው ተመልሰን አደርን። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ በረርን።

ውድ አንባቢ፣ በቡድን ሲጓዙ እንዲህ ያለ ቀን ቢገጥምዎ፣ መረጃ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይምረጡ፤ ሁሉም ሠራተኛውን አይክበበው። የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ እንዳይዘጋ ተራ ይግቡ። የሚበላ ነገር ይያዙ። በማግስቱ ቀጠሮ ያለውን ሰው አስቀድመው ይለዩና ቤተሰቡ ጋር እንዲደወል ያድርጉ።

ከሁሉ በፊት ግን ከጎንዎ ያለውን ሰው ይመልከቱ። በቤታችን ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ስብሰባ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ማምለጫ የለም። እኔና ባለቤቴ በዚያች ማምሻ የተነጋገርነውን ያህል በዓመት ውስጥ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። እርስዎ ግን አውሮፕላን እስኪዘገይብዎ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ፣ ከስብሰባው በፊት፣ «ምን ላድርግልሽ?» ወይም «ምን ላድርግልህ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም እስኪጨርሱልዎ ድረስ ይስሙ።

መልካም ጉዞ!