ትቦው ዝም ሲል

ልጃቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ቀን የተቆረጠላቸው ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ሐኪሙ እጅ ነው። እኔ ብሆን ስለ ደሙ እጠይቅ ነበር።

4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ አካሉ ያለው ደም 340 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብዙም አይበልጥ። ከእሱ 20 ሚሊ ሊትር ፈሰሰ ማለት 5 ሊትር ደም ካለው አዋቂ 300 ሚሊ ሊትር እንደ መፍሰስ ነው። በዚያ ላይ የጨቅላ ጉበት ገና ስላልጠነከረ፣ ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች በርካታዎቹ ከአዋቂው ግማሽ ያህል ቢሆኑ ነው።

ልብ ቆሞ ሲጠገን ሥራውን ማሽን ይረከባል። ደም ግን ፕላስቲክ ሲነካ መርጋት ይጀምራልና አስቀድሞ ሄፓሪን ይሰጣል። (አብዛኛው ሄፓሪን የሚወጣው ከአሳማ አንጀት ነው፤ ይህን ሰምቶ የሚጨነቅ ቤተሰብ ካለ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቅ።) ጥገናው ሲጨረስ ፕሮታሚን የሚባል መድኃኒት ሄፓሪኑን ያረክሰዋል። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማሽኑ የተሞላበት ፈሳሽ ግን የልጁን ደም አቅጥኖታል፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕላትሌቶችም በማሽኑ ቱቦ ሲዞሩ ደክመዋል፣ ሰውነቱም ቀዝቅዟል። ስለዚህ ደረቱ ከተዘጋ በኋላም መድማቱ ሊቀጥል ይችላል።

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርሷ በየሰዓቱ የምትለካው ከደረቱ በትቦ የሚወጣውን ደም ነው። ቤተሰብ የሚፈራው ብዙ ሲወጣ ነው፤ ልክም ነው። ልምድ ያላት ነርስ ግን ብዙ ሲፈስ የቆየ ትቦ በአንድ ጊዜ ዝም ሲልም ትደነግጣለች። ደሙ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ትቦው በረጋ ደም ተደፍኖም ሊሆን ይችላል። ከተደፈነ ደሙ ልብ ዙሪያ ይጠራቀምና ልብን ጨምቆ እንዳይሞላ ያደርገዋል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ የልጁም ደረት ተመልሶ ሊከፈት ይችላል።

የመድማቱ ማስቆሚያ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ፕላትሌት ነው፤ እሱ ደግሞ ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ነው። ቀይ የደም ሴል ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንታት ይከርማል። በዓል ጠብቆ የሚደረግ የደም ልገሳ ዘመቻ ከወር በኋላ ለሚደማ ሕፃን ፕላትሌት አያስቀምጥለትም። ለጋሹ የሚፈለገው በቀዶ ሕክምናው ሳምንት ነው።

ወደ ሳንባ በቂ ደም እንዲሄድለት 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ የተገጠመለት ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ መድማቱ እንደበረደ ያው ሄፓሪን እንደገና ይጀመርለታል። «ሌሊቱን ሙሉ ደሙን አቁሙልን ስንል አድረን፣ አሁን ደግሞ ማቅጠኛ?» ቢል አባት አይፈረድበትም። ያቺ ቱቦ በረጋ ደም ከተደፈነች ግን ልጁ ኦክስጅን የሚያገኝባት መንገድ ተዘጋች፤ ለዚህም ነው ቤቱ ሲገባ በየቀኑ የሚወስደው አስፒሪን የሚታዘዝለት።