ጾመኛዋ እናት በሶልት ሌክ ሲቲ

ጋዜጠኝነት ቢለቁትም የማይለቅ አመል ነውና፣ አብራኝ ዩኒቨርሲቲ ከተማረች ጓደኛዬ ቤት ለዕረፍት ሄጄ ማስታወሻ ይዤ ተመለስኩ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 2023፣ ቦታው የዩታ ዋና ከተማ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው።

ከተማዋን በ1847 የቆረቆሯት ከምሥራቅ ተሳደው የመጡ ሞርሞኖች ናቸው። እንደኛው ስደተኞች ነበሩ። የመንገዶቿ ቁጥር የሚነሣው ከቤተ መቅደሳቸው ነው፤ «300 ደቡብ» ካሏችሁ ከመቅደሱ ሦስት ብሎክ ወደ ደቡብ ርቃችኋል ማለት ነው። በዚህች ከተማ ሰው ያለበትን የሚያውቀው ከመቅደሱ ምን ያህል እንደራቀ ቆጥሮ ነው። መቅደሱ 40 ዓመት ፈጅቶ በ1893 የተመረቀ የድንጋይ ሕንፃ ሲሆን፣ እኔ ስደርስ ለመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ እድሳት ተዘግቶ በክሬን ተከቦ ነበር። እድሳቱ ገና ሳይገፋ፣ በማርች 2020፣ የተፈራው መንቀጥቀጥ መጥቶ ጫፉ ላይ ከቆመው መልአክ እጅ መለከቱን አስጥሎታል።

ጓደኛዬ የሞርሞን ልጅ፣ የሞርሞን የልጅ ልጅ ናት። እምነታቸው ስለሚከለክል ቡና በቤቷ አይፈላም። አራት ቀን ያለ ቡና እንዴት እንደከረምኩ እናንተው ገምቱት።

የበኩር ልጇ ያገባው ወንድ ነው። ሞርሞኖች በመቅደስ የታተመ ቤተሰብን ሞትም አይለየውም ብለው ያምናሉ፤ እናት ይህን ስታስብ ገነት ገብታ ልጅ ስትቆጥር አንድ ይጎድልባታል። በኖቬምበር 2015 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የፈጸሙ አባሎቿን ከሃዲ ብላ ፈረጀች፣ በቤታቸው የሚያድጉ ልጆችም እስከ 18 ዓመታቸው እንዳይጠመቁ አዘዘች። በኤፕሪል 2019 ትእዛዙ ተሻረ። ጋብቻው ግን ዛሬም ከባድ ኃጢአት ነው።

መቅደስ ለመግባት በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ጠያቂው ጳጳስ ነው፤ ጳጳስ ስል የኛን አታስቡ፣ ደመወዝ የሌለው የሰፈር ሰው ነው፣ የሷው የጥርስ ሐኪም። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኒቱ የሚቃረን ትምህርት ወይም ተግባር ትደግፊያለሽ ወይ የሚል ነው።

«ልጄን እወደዋለሁ፤ ባለቤቱም ከማዕዴ ይቀመጣል። ይህ ድጋፍ ከሆነ ወረቀቱ ይኸውልዎት አልኩት» አለችኝ። ሰውዬው ብዙ ዝም ብሎ ፈረመላት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ላይፈርም ይችል ነበር፤ ይህንንም ታውቃለች።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እህልም ውሃም ሳይቀምሱ ሁለት ማዕድ ይጾማሉ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ዓመታዊ ሰልፍም የዋለው በዚያችው እሑድ ነው። በ2012 ከ300 የሚበልጡ ሞርሞኖች የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው በዚሁ ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ያኔ እሷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ ልጇም ገና አልነገራትም። አሁን ረዥም ቀሚሷን ለብሳ በጠራራ ፀሐይ ከልጇ ጎን ሄደች። ውሃ ሲሰጧት እጇን እያወዛወዘች አለፈች። ባሏ አልመጣም፤ ግን ጠዋት በረዶ በሣጥን ሞልቶ ለልጁ ውሃ ያሸገው እሱ ነበር። ሰልፉ ሲያበቃ በዚያው ቀሚስ ለከሰዓት በኋላው ጉባኤ ደረሰች። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ባለቀለም ወረቀት ለማንሣት ረስታለች ወይስ ሆን ብላ ነው? አልጠየቅኋትም።

በመንገድ ላይ ግን እሷ ጠየቀችኝ፤ «እንደ ልጄ ያለውን ሰው በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» አንባብያን ቃሉን ታውቁታላችሁ። የተቃጠለች ከተማ ስም ያለበት ቃል ነው፤ ስም ሳይሆን ፍርድ። ተርጉሜ ልነግራት አልቻልኩም፤ «ጥሩ ቃል የለንም» ብዬ አለፍኩ። በየበዓሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» እየተባለ ለዓመታት የማይታይ የወዳጆቼ ልጅ ትዝ አለኝ። ሥራ እንዳልበዛበት ሁላችንም እናውቃለን። ጠይቀን ግን አናውቅም፣ እኔ የጥያቄ ባለሙያው ጭምር።

ማታ ጾሙን ለመፍታት ስድስት ሆነን ማዕድ ቀረብን። አባትየው ማዕዱን ሲባርክ የእያንዳንዳችንን ስም ጠራ። የልጁ ባለቤት ስም ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ጠራው። እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ውሃዋን ጨበጠች።