የእጅ ዋጋህን ብቻ ንገረኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ከበያጅ ጋር የሚደረግ ድርድር ብዙ ጊዜ በአንድ አባባል ይጀመራል፦ «ብረቱን እኔ እገዛለሁ፤ አንተ የእጅ ዋጋህን ብቻ ንገረኝ።» አባባሉ ክፋት የለበትም። ብረት ውድ ነው፤ ሰው በገንዘቡ የሚገዛውን ዕቃ ራሱ አይቶ ልግዛ ቢል አይፈረድበትም። ልብ ብሎ ለሰማው ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። የብረት ዋጋ አለ፤ የእጅ ዋጋ አለ። የትኛው ብረት ይበቃል፣ እግሩ የት ላይ ይቁም፣ ጭነቱ በየት በኩል ወደ መሬት ይውረድ ብሎ ለሚያስበው ጭንቅላት ግን በድርድሩ ውስጥ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ሥራው የግቢ በር ሲሆን ይህ ጉድለት ብዙም አያስታውቅም። በሩ ትንሽ ቢዘም መሬት ይነካል፣ በያጁ ይጠራል፣ ቆርጦ ያስተካክለዋል። ሥራው የትልቅ አኳሪየም መቆሚያ ሲሆን ግን «ከተበላሸ እናስተካክለዋለን» የሚባል ነገር የለም።

ኮልፌ አካባቢ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት ላለው አንድ በያጅ እንዲህ ያለ ሥራ የመጣለት ከአንድ የካፌ ባለቤት ነበር። ሰውዬው ለካፌያቸው ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 60 ሳንቲሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ አሠርተዋል። የቀረው ከሥሩ የሚገባው የብረት መቆሚያ ነው። ቦታውም ተመርጧል፤ የጀበና ቡናው ጥግ፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ከምትቀመጥባት በርጩማ ጀርባ። ቄጠማው ከፊት ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ዓሣው ከኋላ ሲዋኝ ለፎቶ ያምራል።

በያጁ ለዓመታት የሮቶ መቆሚያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ይገዛል፤ ሮቶ ከተገዛ ደግሞ የሚሸከመው ብረት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የውሃን ክብደት አሳምሮ ያውቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ይህ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 648 ሊትር ይይዛል፤ 648 ኪሎ ማለት ነው። ባለ 12 ሚሊሜትሩ መስታወት ራሱ ወደ 120 ኪሎ ይመዝናል። ከሥር የሚነጠፈው አሸዋና ጌጠኛ ድንጋይ 80 ኪሎ ቢሆን መቆሚያው ላይ የሚያርፈው 850 ኪሎ ገደማ ነው። የመቆሚያው ብረት ሲታከልበት ወለሉ የሚሸከመው ወደ 900 ኪሎ ይደርሳል። ቡና ከምታፈላው ልጅ ጀርባ አንዲት ቪትዝ እንደማቆም ነው።

ካፌው ምድር ላይ መሆኑ በጀ። ለመኖሪያ ቤት ወለል መሐንዲሶች ለሰውና ለዕቃ የሚይዙት ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ገንዳ ግን ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ አራት እጥፍ ያህሉን ይጭናል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ገንዳ ያማረው ሰው ከበያጁ በፊት መሐንዲስ ማማከር አለበት።

በያጁ ያሰበው 40 በ40 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ ነው። «ይሸከማል ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። ብረቱ ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ 70 ሳንቲሜትር የሚረዝም አንድ እግር ቁልቁል ሲጫን እጅ የሚሰጠው ወደ 10 ቶን ሲጠጋ ነው። እግሮቹን ስድስት ካደረጓቸው ቪትዝ ቀርቶ የተጫነ ሲኖትራክም አያስፈራቸውም።

የሚያሰጋው ከላይ የሚጋደመው ብረት ነው። ሮቶና መስታወት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ሮቶ ፕላስቲክ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ብረት ትንሽ ቢጎብጥ አብሮት ይጎብጣል። መስታወት አብሮ መጉበጥ አያውቅም። በሲሊከን የተያያዙት አምስት መስታወቶች ከሥራቸው ያለው ድጋፍ ሲሸሽባቸው ወይ ሲሊከኑ ይላቀቃል፣ ወይ መስታወቱ ይሰነጠቃል። መሸከም አንድ ነገር ነው፤ አለመጉበጥ ሌላ።

በያጁ የቴክኒክና ሙያ ደብተሩን አውጥቶ አሰላ። 850 ኪሎው ለፊቱና ለኋላው ብረት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 425 ኪሎ ይደርሰዋል። 180 ሳንቲሜትር የተጋደመው ብረት ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ቢደገፍ መሃሉ ወደ 15 ሚሊሜትር ይጎብጣል። አይሰበርም፤ ይጎብጣል። መሃሉ ላይ አንድ እግር ቢገባ ግን ጉብጠቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ይወርዳል። ያው ብረት በየሜትሩ ያንኑ ጭነት ተሸክሞ የድጋፉ ርቀት በግማሽ ሲያጥር፣ ጉብጠቱ ከቀድሞው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ወይ ይሰላል ወይ ይሞከራል።

የካፌው ባለቤት ግን የፊቱን የመሃል እግር አልፈለጉትም። ከመቆሚያው ሥር ረጅም የሲኒ መደርደሪያ ሊገባ ታስቧል፤ እግሩ መሃሉን ይዘጋዋል። «አውጣው» አሉ።

«ጋሼ፣ የኋላው ቀጥ ብሎ የፊቱ ብቻ ሲጎብጥማ ይብሳል፤ ገንዳው ይጠመዘዛል» አለ በያጁ። ሌላ መንገድ እንዳለም ነገራቸው። እግሩን ማስቀረት ከፈለጉ ከላይ የሚጋደመው ብረት 100 በ50 ይሁንና ሰፊው ጎኑ ተገትሮ ይገጠም። ያኔ ጉብጠቱ ወደ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ይወርዳል። ዋጋው ግን ይጨምራል።

«እዚያ ማዶ ያለው ልጅ ያለ እግርም፣ ያለ ትልቅ ብረትም እሠራለሁ ብሎኛል። በዚያ ላይ በቅናሽ!» አሉ ሰውዬው።

እዚህ ላይ ሰውዬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ቤት ያሠራ ሰው ያውቀዋል፤ «ይህም ያስፈልጋል» የሚል ባለሙያ ሁሉ ለሥራው ብሎ አይደለም። ከብረት ሻጩ ኮሚሽን የሚቀበል አለ፣ ትርፍ ብረት አስገዝቶ ለሌላ ሥራ የሚያውል አለ። በዚህ የተቃጠለ ደንበኛ ያልገባውን ነገር ሁሉ ማታለያ አድርጎ ቢያይ ምን ይገርማል? ያከራከራቸው እግር ቢመዘን ሁለት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ያን ያህል ያከራከራቸው መተማመን ስለጠፋ ነው።

በያጁ የዚያን ወር የሱቅ ኪራይ ገና አልከፈለም ነበር። ረዳቱም «አለቃ፣ እንዳሉት እንሥራላቸው፤ ይኼ ብረት ስንት ሮቶ ተሸክሞ የለ እንዴ?» አለው። ሥራውን መልቀቅ አልፈለገም፤ እንደተባለው መሥራትም ከበደው። አጠገቡ ከሚሠራው ሕንፃ ባለ 50 ኪሎ 17 ከረጢት ሲሚንቶ ለአንድ ከሰዓት ተዋሰ። ሁለት ቱቦላሬ ጫፍና ጫፋቸውን ብሎኬት ላይ አሳረፈ፣ ከአንደኛው ጎን ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠረ፣ ጣውላ ረበረበና ሲሚንቶውን ደረደረ። 17 ከረጢት 850 ኪሎ ነው። ሰውዬው ተጠርተው መጡ። ቀጥ ባለው ሲባጎና በጎበጠው ብረት መካከል ትንሽ ጣት የምታስገባ ክፍተት ተፈጥራለች።

ጎንበስ ብለው አዩና «ግን አልወደቀም እኮ» አሉ።

«ብረቱማ አይወድቅም ጋሼ። የሚሰበረው እርስዎ ላዩ ላይ የሚያስቀምጡት ነው።»

ከዚያ መሃሉን በክሪክ አንስቶ ብሎኬት አስገባበት። ክፍተቷ ጠፋች። ሰውዬው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ እግሩ ይግባ። መደርደሪያውን ለሁለት አስከፍለዋለሁ» አሉ።

ከደብተሩም ከሲሚንቶውም ያመለጠውን ጥያቄ የጠየቀችው ግን ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። በያጁ ቦታውን ሊለካ ሲሄድ «ሰው ቢደገፈው ወደዚህ አይዘምም?» አለችው። ትክክል ነበረች። አራት ማዕዘን የሆነ ብረት ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ተበይዶ ከጎን ሲገፋ ሊዘም ይችላል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ጎኖቹ እስካልታጠፉ ድረስ ቅርጹን አይለውጥም። ስለዚህ በጀርባው በኩል ሰያፍ ብረት ተበየደ። ከጀርባው ያለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዝመምን ነው የሚከለክለው፤ ወደ እሷ እንዳይመጣ የሚይዘው በሁለቱ ጎኖች የገባው ሰያፍ ነው። ያ የተጨመረው በእሷ ጥያቄ ነው።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ብረቱን ይጎትተዋል፤ አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ በያጅ መጨረሻ ላይ የተጣመመ መቆሚያ ያገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም ማዕዘን በነጥብ ብየዳ ተያዘ፣ ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር ተለክቶ እኩል መሆኑ ተረጋገጠ፣ ከዚያ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየተባለ ተበየደ። ከላይ ያበጠው ብየዳ በግራይንደር ተላገ። እግሮቹ ሴራሚኩን እንዳይሰነጥቁ ከሥራቸው 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ ገባ። የቱቦላሬው አፎች ተደፈኑ፤ ውሃ ገብቶ ከውስጥ የሚበላው ብረት ከውጭ አይታይምና። አንቲረስት ሁለት ጊዜ ተቀባ። ላዩ ላይ ወፍራም ኮምፖርሳቶ፣ በእሱ ላይ ስስ ፎም ተነጠፈ፤ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ከመስታወቱ ሥር ብትቀር የስንጥቁ መነሻ ልትሆን ትችላለች።

«አልወደቀም እኮ» የሚለው የሰውዬው ቃል ግን እንዲሁ መታለፍ የለበትም። በከተማዋ ለብዙ ነገር ማረጋገጫ ሆኖ የሚቀርበው ይኸው ነው። ሰገነቱ እስካሁን አልወደቀም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው እስካሁን አልወደቀም፤ ስለዚህ ደህና ነው። በርሊን ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃና ወደ 1,500 ዓሣ የያዘ ግዙፍ አኳሪየም ነበር። ለ20 ዓመት ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2022 ሊነጋጋ ሲል ፈነዳ። ውሃው እስከ መንገዱ ጎረፈ፤ ዓሣዎቹ አብዛኞቹ አለቁ፤ ሁለት ሰዎች በስብርባሪው ተጎዱ። ሰዓቱ ማለዳ ባይሆን ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም። ባለሙያዎች መርምረው እንኳ አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት ማስቀመጥ አልቻሉም። እስከ ዋዜማው ድረስ «አልወደቀም እኮ» ያለ ሰው ትክክል ነበር።

የኮልፌው ሥራ አልቆ ሒሳብ ሲዘጋ ሰውዬው የብረቱንና የእጁን ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ደብተር ላይ ላለፈው ሌሊት፣ ሲሚንቶ ሲመላለስበት ለዋለው ከሰዓት ግን የተከፈለ የለም። ስስታም ስለሆኑ አይደለም፤ የሚከፈልበት መስመር ስላልነበረ ነው። በያጁም አልጠየቀም።

አሁን የበያጁ የዋጋ ማቅረቢያ ሦስት መስመር አለው፦ ብረት፣ እጅ፣ ስሌትና ሙከራ። ሦስተኛውን መስመር አይተው የሚስቁ አሉ፤ ድርድር ሳይጀመር በእስክርቢቶ የሚሰርዙትም አሉ። ባለሙያው ለማሰቡ ዋጋ መጠየቁ አያስነውረውም፤ ግን ሐሳቡን ደንበኛው በሚያየው መንገድ ማሳየት ይጠበቅበታል። ደንበኛውም «እመነኝ» ያለውን ሁሉ ማመን የለበትም፤ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን ይችላል፦ «ሲሞላ መሃሉ ስንት ይጎብጣል?» «አታስብ፣ ጠንካራ ነው» የሚለውና በሚሊሜትር የሚመልሰው በያጅ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም፤ የእጅ ዋጋቸው እኩል ቢሆን እንኳ።